ሶፋ ሠሪውና መርከበኛው አያቱ

ሶፋ ሠሪው የሰው መቀመጫ ሲሠራ ኖሮ ራሱ መቀመጥ ያቃተው ሰው ነው። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። ትዳር ከያዘ ወዲህ ሦስት ከተማ ቀይሯል፤ ሚስቱ ዕቃ ፈታ ሳትጨርስ ደግሞ ወደ መጠቅለሉ ትመለሳለች። ምን ነካህ ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «የአያቴ ደም ነዋ። መርከበኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ባሕር ላይ ነው ያለቀው።» እናቱ ነፍስ ሳታውቅ አባቷ ስለሞቱ ከዚህ የበለጠ የነገረችው የለም። ምስኪን ደም፣ የስንቱን ጥፋት ይሸከማል።

ዘንድሮ ደግሞ አራተኛ ከተማ አማረው። ሱቁን ልልቀቅ ሲል ሚስቱ የምትሰፋውን ትራስ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እስቲ መጀመሪያ እናትህ ወደተወለደችበት ወደብ ሂድና ስለ አያትህ ጠይቅ» አለችው። «እንዳልከው ከሆነ ዕጣዬ ነው ብዬ እከተልሃለሁ። ካልሆነ ግን እኔና ልጆቹ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አንልም።»

ለመሄድ ምክንያት ማግኘቱ ብቻ አስደሰተው። አውቶቡስ ውስጥ እግሩ አላርፍ ብሎ፣ ከጎኑ ያለችው ሴትዮ «ወንድሜ፣ ወንበሩን እኮ አናወጥከው» አለችው።

ወደቡ ላይ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። ዘበኛው ወደ ዓሣ ሻጩ፣ ዓሣ ሻጩ ወደ ጀልባ ጠጋኙ፣ ጠጋኙ ደግሞ ወደ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ላከው። አዛውንቱ የአያቱን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ።

«እኔን ሥራ ያስገባኝ እሱ አይደል እንዴ? ጎታች ጀልባ ላይ አብረን ነበርን። ትልልቆቹን መርከቦች እስከ ወደቡ አፍ ጎትተን እንሸኝና እንመለሳለን።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያማ ወደ ቤት ነው። ስንቱ ካፒቴን ና አብረን እንሂድ ብሎት እምቢ ብሏል መሰለህ። እናትህ ያኔ ድክ ድክ ትል ነበር፤ እሷን ሳያቅፍ እራት አይቀምስም።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ርቀው አልሄዱም?»

«ምን ሊያደርግ፣ ልጄ?»

ሶፋ ሠሪው ኪሱን እንደተበረበረ ሰው ተናደደ። ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ውሸት ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር፤ አያቱን ውቅያኖስ አሻገራቸው፣ ማዕበል አመጣባቸው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። «እህስ?» አለችው።

ያዘጋጀው ውሸት ሁሉ ከአፉ ጠፋ። «ማታ ማታ ቤታቸው ይገቡ ነበር» አላት።

ትስቅብኛለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም። «እንግዲያው አለማረፉ ያንተው ነዋ» ብላ ወደ ጨርቋ ተመለሰች።

እሱ ወጥቶ ግቢውን ይዞር ጀመር። እግሩ አሁንም ሂድ ሂድ ይለዋል፤ የሚያሳብብበት ሙት ግን የለውም።