ቢርጉ ያልደረሰው የገንፎ ዱቄት

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ዌስተን፣ ቶሮንቶ

ሻንጣዬን ታቅፌ ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ወረድኩ፤ እንደገና ወጣሁ። አራት ኪሎ ይተርፋል። የምሄደው ማልታ ነው፤ ቢርጉ ወደምትባል፣ ከባሕሩ ጠርዝ በግንብ ታጥራ ወደቆመች የመካከለኛው ዘመን ከተማ። አሮጌ ግንብ ፎቶ ማንሳት ሱሴ ነው፤ ስለዚች ጉዞ ሁለት ዓመት ሳስብ ኖሬያለሁ።

ትርፉ አራት ኪሎ የእትዬ ወይንሸት ዱቄት ነው። እትዬ ወይንሸት እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ሰፈር የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ልጃቸው ቤቴል ቢርጉ ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እሳቸው ቪዛ ተከለከሉ። ስለዚህ ገብሱን በእጃቸው ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ የአራስ ገንፎ እንዲሆናት በእኔ ላኩላት። "ቅቤውን አያሳልፉም አሉኝ፤ ዱቄቱ ግን ይገባል፤ አስጠይቄያለሁ። አደራ!" ብለውኛል። ሀበሻ መንገደኛ የሰው ዕቃ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም፤ መቼም የታወቀ ነው።

የካሜራ ማቆሚያዬን አየሁ። ሁለተኛውን ጫማዬን አየሁ። ዱቄቱን አወጣሁና ፍሪጁ ላይ አስቀምጬ ወደ ኤርፖርቱ ባቡር ሮጥኩ። አውሮፓ ውስጥ ዱቄት ጠፍቶ ነው? እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ቅዳሜ፣ ረፋድ፤ ጀልባው ላይ

በለንደን አድርጌ ማልታ ገብቻለሁ። ወደ ቢርጉ የሚያሻግረኝ ባለጀልባ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ሽማግሌ ነው።

"ዘመድ አለህ እዚያ?" አለኝ።

"የለኝም። ግንቡን ለማየት ነው።"

"ከካናዳ? ለግንብ ብቻ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ቤቴል ከትናንት ጀምሮ ሁለት ቴክስት ልካልኛለች። አልመለስኩም።

ቢርጉ ግን ታምራለች። ድንጋዩ ሁሉ ማር የመሰለ ነው። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ በላዩ አረንጓዴና ቀይ የእንጨት በረንዳዎች ተንጠልጥለዋል። ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ፓስቲዚ የሚሉትን፣ አይብ የተሞላ ሳምቡሳ መሰል ትኩስ ነገር ገዛሁ፤ ዋጋው ከቡናው ያንሳል። እየበላሁ ወደ ትልቁ የግንብ በር ስጠጋ፣ በአማርኛ "መስፍን!" ሲሉኝ ሰማሁ።

ቤቴል ናት። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ታቅፋዋለች፤ በሌላ እጇ ባለጎማ የገበያ ቦርሳ ትጎትታለች። ቦርሳው ባዶ ነው።

"እማዬ ፎቶህንም፣ የምትደርስበትንም ሰዓት ላከችልኝ። ቴክስቴ አልገባልህም መሰለኝ፤ በዚህ በር ማለፍህ አይቀርም ብዬ ጠበቅኩህ። አራስ ፀሐይ ላይ አይወጣም ብላ ጮኸችብኝ፤ ግን ያን ሁሉ ሎድ ተሸክመህ ዳገት ልትወጣ ነው?"

ምላሴ ከእኔ ቀደመ። "ኤርፖርት፣ ካስተም ላይ ዱቄቱን ወሰዱብኝ" አልኩ።

"ውይ! አንተንም አንገላቱህ?"

እምቢ ብል ደስ ባለኝ፤ ቤቷ ወሰደችኝ። ባሏ ሥራ ነው። ሕፃኑን አሳቅፋኝ ማካሮኒ ቀቀለች። "አራስ ቤት መጥተህ ገንፎ ሳትቀምስ፤ እኔ አፈርኩ" አለች። እሷ አፈረች! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ ለእናቷ ቪዲዮ ኮል አደረገች። እትዬ ወይንሸት ስልኩ ውስጥ ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ይቅር በለኝ ልጄ። እኔ ነኝ ጣጣ ውስጥ የከተትኩህ፤ በሰው ፊት ሻንጣህን አስፈተሽኩህ።"

"ኧረ ምንም አይደል፣ እትዬ" አልኩ። ይህንንም ለማለት ደፈርኩ።

እሑድ፤ ግንቡ ላይ

ቀኑን ሙሉ ግንቡ ላይ ዞርኩ። ከታች ባሕሩ ሰማያዊ ነው፤ ወዲያ ማዶ ቫሌታ ትታያለች። ማቆሚያዬን ተክዬ ፎቶ አነሳሁ፤ ሁለተኛውን ጫማዬን አደረግኩ። ሁለቱንም ማየት አስጠላኝ። የቤቴል ቤት አምስት ደቂቃ ነው፤ ሄጄ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ መታጠፊያው ደርሼ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ስካርቦሮ

ማክሰኞ ማታ ቶሮንቶ ገባሁ፤ በማግሥቱ ዱቄቱን ይዤ ሁለት አውቶቡስ ለወጥኩ። እትዬ ወይንሸት በሩን ከፍተው ጥቅላቸውን ሲያዩ፣ "መለሱልህ እንዴ?" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ቆሜ ነገርኳቸው። ሚዛኑን፣ ማቆሚያውን፣ ጫማውን፣ ፍሪጁን። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ነበር የሚቀለኝ። እሳቸው ዱቄቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ቋጠሮውን ዳሰሱት፤ እንዳሰሩት ነው።

"ካሜራህስ? በደህና ደረሰ?" አሉኝ።

"ደረሰ፣ እትዬ።"

"ተመስገን።"

ስልካቸውን አንስተው መነጽራቸውን አደረጉና ደወሉ። መጥራት ሲጀምር ለእኔ አቀበሉኝ።

"አንተው ንገራት" አሉ።

ቤቴል ታየችኝ፤ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤ እንዳይነቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋለች። "መስፍኔ! በሰላም ገባህ? እኛ ሐሳብ ላይ ነበርን።"

"ቤቴል" አልኩ፣ "ዱቄቱን ማንም አልወሰደብኝም።"