ሳልቀምስ የፈረምኩበት ማሽን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አቶ ደምሴ የጥርስ ብሩሽ ሰጠኝ። አዲስ ነው፤ ከነማሸጊያው። ደምሴ ኦክላንድ ውስጥ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን የሚያጸዳና የሚጠግን ሱቅ አለው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼለታለሁ። እኩያዬ ስለሆነና አሁን ጡረታ ስለወጣሁ እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱታውን ትቻለሁ።

ብሩሹ ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጥ ስጦታ መስሎኝ አመስግኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። "ቴክኒሺያን" ሲሉኝ የቢሮ ሥራ መስሎኝ ለቤተ ክርስቲያን የማደርገውን ጥቁር ሱፍ ለብሼ ነበር የሄድኩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደምሴ መጣ። "ወይዘሮ አስካለ፣ ብሩሹስ?"

"ማታ ቤቴ ስገባ እጠቀምበታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"የእርስዎ አይደለም እኮ። የማሽኑ ነው።"

ይህችን ጨዋታ በየዓመቱ የገና ግብዣ ላይ ሲያወራት ኖሯል፤ በእንግዳ ፊት፣ እኔው ቁጭ ባልኩበት። ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ራሴ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሣሁት። ከዚህ የባሰውንም ደምሴ ሳይቀድመኝ እጽፈዋለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የኤስፕሬሶ ማሽን የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፤ በቡና ዘይትና በውሃ። ዘይቱ ውሃ ከሚወርድበት ወንፊት ጀርባ ተጣብቆ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ወንፊቱን በካቻቢቴ ፈትተን በማጠቢያ ዱቄት እንዘፈዝፈዋለን። ወንፊቱ የነበረበትን ቦታ በጥርስ ብሩሽ እንፈገፍጋለን። ቡናው የሚጠቀጠቅበት እጀታ ላይ ቀዳዳ የሌለው ማጣሪያ አስገብተን ፓምፑን ስናስነሳ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለስና የውስጡን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። የደረቀውን የጎማ ቀለበት፣ ጓርኒሲዮኑን፣ እንቀይራለን። ወተት የደረቀበትን የእንፋሎት ቱቦ አፍ በመርፌ እንከፍታለን።

የውሃው ጣጣ ሌላ ነው። ውሃ ቦይለር ውስጥ ሲሞቅ ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል፤ ቅርፊቱ የሚለቀው በአሲድ ነው። የኦክላንድ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ማሽኑ አሲድ የሚፈልገው አልፎ አልፎ ነው። ከሳን ሆዜ የሚመጣ ማሽን ግን ውስጡ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። አሲዱ ከሠራ በኋላ ደግሞ ታጥቦ መውጣት አለበት። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኼኛው ነው።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ደረጃ ነበር፦ ተቀባይ፣ አጣቢ፣ ፈራሚ። ፈራሚ ለመሆን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። እያንዳንዱ ማሽን ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ አራት መስመር አለ። ተፈታ። ታጠበ። ተገጠመ። ተቀመሰ። ፈራሚ በአራቱም ላይ ይፈርማል።

ስለ አራተኛው መስመር የደምሴ ሕግ አጭር ነበር። "በቡናው በኩል አንድ ጉንጭ ውሃ፣ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ አንድ ጉንጭ። ኮምጠጥ ካለዎት እንደገና ይጠቡት። ያልተቀመሰ ማሽን ከዚህ በር አይወጣም።"

"በዚህስ አይምጡብኝ፤ እኔ ቀምሼ የማልለየው ነገር የለም" አልኩት። ጉራ ነበር። እውነትም ነበረው፤ በሳምንት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ።

ያልነገርኩት ነገር ስለነበረ ነው። እጾማለሁ። ረቡዕና አርብን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሱቁ ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ እስከ ሦስት፣ ውሃም በአፌ አይዞር። ቀምሶ መትፋትም ለእኔ መቅመስ ነው። ደንበኞች ደግሞ ማሽናቸውን የሚወስዱት በምሳ ሰዓታቸው ነው።

ለምን አልነገርኩትም? በፊት የሠራሁበት ሆቴል አለቃዬ ስጾም ባየችኝ ቁጥር "ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?" እያለች በሰው ፊት ትስቅብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ራሴ ለአለቃ ትንፍሽ ላልል ማልኩ። ደምሴ ያገሬ ሰው ቢሆንም አለቃ አለቃ ነው።

ስለዚህ በጾም ቀን እቆጥር ነበር። የማሽኑን ውሃ ማጠራቀሚያ ሦስት ጊዜ ሞልቼ አፈሳለሁ። የወጣውን ውሃ አሸትተዋለሁ፤ ብርሃን ላይ አድርጌ አየዋለሁ። ከዚያ "ተቀመሰ" የሚለው ላይ እፈርማለሁ። ውሸት አልመሰለኝም። ልምድ መሰለኝ። ለዓመታት ማንም አላማረረም። ያኔ አብዛኛው ሥራችን የኦክላንድ ማሽን ስለነበረ ይሆናል፤ ወይም ደንበኞቼ ጨዋ ነበሩ።

ሩት በሰባተኛው ዓመቴ ተቀጠረች። በዲቪ የመጣች፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ዩኒየን ሲቲ የምትኖር፣ ማዳመጫ ከጆሮዋ የማይጠፋ ልጅ ናት። ልጅ ስላት አርባ ሊሞላት ነው። እምነቷ ፕሮቴስታንት ነው። በስምንት ወር ፈራሚ ሆነች። እኔ ሦስት ዓመት፣ እሷ ስምንት ወር።

"እትዬ አስካለ፣ ይሄን ዲስኬል ላድርገው?" ትለኛለች።

"አሲድ ጨምሪበት" እላታለሁ።

"ኦኬ፣ ዲስኬል አደርገዋለሁ።"

የጠመድኳት ግን በዚህ አይደለም። ማሽኖቼን ትነካ ነበር። ጨርሼ፣ ፈርሜ፣ ወልውዬ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩትን ማሽን ዞር ስል ጠብቃ ትከፍተዋለች። ውሃ ቀድታ ትጠጣለች፣ ቡና አውጥታ ትጠጣለች፣ መልሳ ትወለውለዋለች። አንዳንዴም ወደ ማጠቢያው ወስዳ ብዙ ቆይታ ትመለሳለች። ሥራዬን እየመረመረች ለደምሴ ልታቀብል ነው አልኩ። ጠየቅኋት? አልጠየቅኋትም። ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ ቀኑን እየጻፍኩ ያዝኩባት።

በአሥረኛው ዓመቴ ደምሴ ሳን ሆዜ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ተነሣ። ኃላፊ የሚሆነው ከሁለታችን አንዳችን ነበር። እኔ የምኖረው ሳን ሆዜ ነው። ኦክላንድ በባቡርና በአውቶቡስ ሄጄ ስመለስ በቀን ሦስት ሰዓት ይበላኛል፤ ጉልበቴም ከባቡሩ ደረጃ ጋር ተጣልቷል። አዲሱ ሱቅ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ለጉልበቴ ብዬ ብቻ ፈለግኩት ካልኩ ግን እዋሻለሁ። "ኃላፊ" መባልም አምሮኝ ነበር። ደምሴ በኦገስት መጨረሻ እነግራችኋለሁ አለን። ኦገስት ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ።

በዚያው ጾም አንድ አርብ፣ ከሳን ሆዜ የመጣ ባለ ሁለት ቦይለር ማሽን ያዝኩ። አንዱ ቦይለር ለቡናው ነው፤ ሌላው ለእንፋሎቱና ለሙቅ ውሃው። ባለቤቱ አቶ ይልማ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለቱም ቦይለር ውስጥ አሲድ አስገባሁ። ሳጥብ ግን በቡናው በኩል ብቻ ሦስት ጊዜ አጠብኩና የሙቅ ውሃውን በኩል ረሳሁት። አንድ ጉንጭ ብቀምስ ይነግረኝ ነበር። አልቀመስኩም። ፈረምኩ። ማሽኑም ከምሳ በፊት ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ደምሴ ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አቶ ደምሴ፣ ምን በድያችሁ ነው?" አሉ አቶ ይልማ።

"ምነው ጋሼ? ምን ተፈጠረ?"

"ትናንት ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌ መጡ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች። በማሽኔ ቡና አወጣሁ፤ እንዳይከብዳቸው ብዬ ሙቅ ውሃ ጨመርኩበት።"

"ጥሩ አደረጉ።"

"ምን ጥሩ አለው! አንደኛው ቀመሱና ፊታቸው ተኮማተረ። ሁለተኛው ሲኒውን አስቀመጡ። ሦስተኛው እንደ ምንም ዋጡና 'መልሱ ገብቶናል፤ በደህና ጊዜ በቃል ብትነግሩን ይሻል ነበር' ብለው ተነሡ። ሆምጣጤ ነው ያጠጣኋቸው! ልጄ 'ዳድ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?' ብላ በሯን ዘግታብኛለች።"

አሲዳችን የሎሚ ዓይነት ነው፤ እንደዚያ ቀጥኖ ሰው አይጎዳም። ፊት ግን ያኮማትራል።

ደምሴ ስልኩን ዘግቶ ካርዱን አወጣ። በአራቱም መስመር የእኔ ፊርማ ነው። "ወይዘሮ አስካለ፣ ቀምሰውታል?"

"አልቀመስኩም" ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን "ሩት ማሽኖቼን ትነካካለች" አልኩ።

ሩት ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። "ምን አሉ?"

"ማስረጃ አለኝ።" ደብተሬን አወጣሁ። መነጽሬን አጠለቅኩ። እንደ ዐቃቤ ሕግ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። "ረቡዕ፣ አንድ ማሽን። አርብ፣ ሁለት ማሽን። ረቡዕ፣ ሁለት። አርብ፣ አንድ።" ገጹን ገለበጥኩ። "ረቡዕ። አርብ።" የሚቀጥሉት ገጾች ሁዳዴ ነበሩ፤ ከሰኞ እስከ አርብ ሳይቋረጥ ተጽፏል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት፣ ጾም የሌለባቸው ሃምሳ ቀናት ግን ባዶ ናቸው። ከዚያ እንደገና ረቡዕ፣ አርብ። ድምፄ እያነሰ ሄደ።

ደምሴ ጨጓራውን ካመመው ወዲህ አይጾምም፤ ቀኖቹ ምንም አልነገሩትም። "ሩት፣ እውነት ነው?"

"አዎ ጋሼ። እቀምሳቸዋለሁ።"

"ማን አዘዘሽ?"

ሩት ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ደብተሬ አየሁ።

"ማንም" አለች። "ባለፈው አርብ፣ ይሄ ማሽን ሲወጣ ግን አልነበርኩም። የሲትዝንሺፕ ኢንተርቪው ስለነበረኝ አስፈቅጄዎታለሁ።"

"ሁለተኛ የሰው ማሽን እንዳትነኪ። ሳን ሆዜን የምሰጠው በራሱ ሥራ ለሚወሰን ሰው ነው።"

ሳን ሆዜ በአንድ አፍታ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወደ ማጠቢያው ሄጄ ያልቆሸሸ ወንፊት መፈግፈግ ጀመርኩ። ሩት አጠገቤ ነበረች።

"ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"እርስዎ ያልነገሩትን እኔ ምን ብዬ?"

"በምን አወቅሽ?"

"እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ እትዬ። እርስዎ በጾም ቀን ከቀትር በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ውሃ አይነኩም። ከዚያ 'ተቀመሰ' ብለው ሲፈርሙ አየሁ።"

"ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?"

"እንዴ! 'ኦኬ' ስልዎት እንኳን የሚቆጡትን?"

ወንፊቱን ገለበጥኩት። "ኮምጥጦ ያገኘሽው አለ?"

"አራት። አጥቤያቸዋለሁ።"

እዚህ ላይ ወዲያው ወደ ደምሴ ሮጥኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሮጥኩም። ሌላ ማሽን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። በሐሳቤም ከቤቴ እስከ አዲሱ ሱቅ ያለውን አሥር ደቂቃ እየተዝናናሁ ሄድኩበት። ስጨርስ ደንበኛው በር ላይ ቆሟል። ደምሴ ካርዱን አቀረበልኝ። ሩት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ ቆማለች፤ እንዳትነካ ታዝዛለች። ሦስቱን መስመር ፈርሜ አራተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

"አልቀመስኩም" አልኩ።

"ይቅመሱታ።"

"አልቀምስም። ጾም ነው። የአቶ ይልማንም አልቀመስኩም። በጾም ቀን ቀምሼ አላውቅም። የምትቀምስልኝ ሩት ናት፤ ያውም ሳልነግራት።"

ደምሴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ፈራሚ ከሆንኩ ጀምሮ።"

"ወይዘሮ አስካለ! ቢነግሩኝ እኔ እቀምስ አልነበር?"

"ጨጓራዎን ያምዎታል ብዬ ነው።"

"ጨጓራዬን ያሳመሙኝ አሁን ነው።"

ሩት ማሽኑን ቀመሰችው። ደህና ነበር። ካርዱ ላይም የፈረመችው እሷ ናት።

ለአቶ ይልማ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለመንገር ራሴ ደወልኩ። ከሳምንት በኋላ ደግሜ ስደውል ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እንደመጡ ነገሩኝ።

"ምን አጠጧቸው?" አልኳቸው።

"ሻይ። ጀበናን እንኳን አላመንኩም።"

ሳን ሆዜ ለሩት ተሰጠች። በየቀኑ ከዩኒየን ሲቲ ወደ ሰፈሬ እየሄደች ትሠራለች፤ እኔ ደግሞ ከሰፈሬ ተነሥቼ እሷን አልፌ ኦክላንድ እሄድ ነበር። አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ቅር ብሎኛል። ሩትም አንድ ቀን ጠርታኝ "እትዬ፣ ተሳስተዋል" ብትለኝ ይሻል ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ። እሰማት ነበር ወይ ለሚለው ግን መልሱን አውቀዋለሁ። ደምሴም የሽማግሌዎቹን ነገር በገና ግብዣው ጨዋታ ላይ ጨምሮታል።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይኸው ነው። አሲድ የገባበት ባለ ሁለት ቦይለር ማሽን በሁለቱም በኩል ይታጠባል፤ በሁለቱም በኩል ይቀመሳል። መቅመስ የማትችሉበት ቀን ካለ ጠዋት ስትገቡ ተናገሩ። "ተቀመሰ" በሚለው መስመር ላይ የሚፈርመው የቀመሰው ሰው ነው።