የኮከሩ ሱግሪም

ሱግሪምን አልወደውም ነበር። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ፊቱ የማይፈታ፣ ሰላምታ እንኳ ሲመልስ ከኪሱ የሚከፍል የሚመስል ግትር ሰው ነበር። የዶርንሆፍ የኮከር ጠባቂ ነው። ኮከር የምንለው ከባህሩ ግንብ ሥር ያለውን ትልቁን የውሃ በር ነው፤ ባህሩ ሲሸሽ በመዘውር ይነሳና የቦዩ ውሃ ይወጣል፣ ባህሩ ሳይመለስ ደግሞ ይወርዳል። መንደራችን ከባህሩ ዝቅ ያለ ነው። ሱግሪምም ይህን ስለሚያውቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁላችንንም በጉልበቱ ደግፎ የያዘን ይመስል ተኮፍሶ ኖረ።

እኔ ጃይካራን ነኝ፤ የክሪኬት ሜዳው ሠራተኛ። ሣሩን የማጭደው፣ ኳስ የሚነጥርበትን የመሀል ጥቁር ጭቃ በሩሎ የምደለድለው እኔ ነኝ። ጠባችን የቆየ ነው። በወጣትነታችን እሱ ዳኛ ሆኖ፣ እኔ ዱላዬን ይዤ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ጣቱን ቀስሮ አስወጣኝ። ኳሱ በዱላዬ ፈንታ እግሬን ነክቶኛል፣ በሕጉ ያስወጣል፣ አልዋሽም። ግን ለሃምሳ አንዲት ነጥብ ነበር የቀረችኝ፤ የሰፈር ልጅ እንዲህ ይጨክናል? ከዚያ ወዲህ ደህና አደርክ ተባብለን አናውቅም። ሚስቱ የሞተች ዕለት እንኳ ከደጁ ቆሜ ተመለስኩ።

ባለፈው ዓመት እንግዲህ የባህር ጠረፉ የሃያ ኦቨር ዋንጫ መጣ። ስምንት መንደሮች የሚገጥሙበት፣ ለአንድ ቡድን ሃያ ኦቨር፣ ማለትም መቶ ሃያ ኳስ ብቻ ስለሚወረወርለት እያንዳንዱ ጨዋታ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትገባ የሚያልቅበት ውድድር ነው። ልጆቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፉ፤ ገበያ ወጥተን ስድብ ጠግበን ገባን። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አምስቱን ተከታትለው አሸነፉ። ሁለተኛ ሆነው ስለጨረሱ ግማሽ ፍጻሜው በእኛ ሜዳ ሆነ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሜዳዬን ረግጦት አያውቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ደረቅ ሜዳ። ካልደረቀ ጨዋታው ወደ ዋና ከተማው ወደ ጆርጅታውን እንደሚዛወር አዘጋጆቹ ቁርጡን ነግረውኛል።

ሐሙስና ዓርብ ዝናቡ አላባራ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር ዳሩ ውሃ አቁሯል፣ ቦዩም አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መሸታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የባህር ሰንጠረዥ ባህሩ ሁለት ሰዓት ላይ ይጎድላል ይላል። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አለፈም፤ በሩ እንደተዘጋ ነው። ደሜ ፈላ። እጄ በመሀል ሜዳው ጭቃ እንደተለወሰ ሄድኩ። ሱግሪም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያጨሳል።

"በሩን አንሳ እንጂ፤ ሰዓቱ አለፈ" አልኩት።

"ባህሩ አልጎደለም።"

"ሰንጠረዡ ጎድሏል ይላል።"

"እንግዲያው ሂድና ሰንጠረዡን ክፈተው" አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። "ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ውሃውን ገፍቶ ይዞታል። ማታ ይጎድላል፣ ማታ እከፍትልሃለሁ።"

ማታ! እኔ ሜዳው በነጋታው ሊታይብኝ ነው፣ እሱ ማታ ይለኛል። እልኸኛ ስለሆነ፣ እኔን ሊያቃጥል ብሎ ነው ስል አሰብኩ፤ እንዲያውም ማለልኝ ልቤ። ከግንቡ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁት። እንደ ወትሮው የመዘውሩን ቁልፍ ምስማር ላይ ሰቅሎ ሮቲውን ሊበላ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እኔ መዘውሩን ፈትቼ አዞርኩት። በሩ ተነሳ፣ ውሃው ጮኸ። ወዴት እየሄደ እንደሆነ አላየሁም። ሩሎዬን አስቤ ወደ ሜዳ ሮጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ ቦዩ ወደ ሜዳው መትፋት ጀመረ። በእጄ ዘግኜ ቀመስኩት። ጨው ነው። ወደ ኮከሩ ሮጬ ከግንቡ ጀርባ ተጠጋሁ። ቀና ብዬ ሳይ ሱግሪም በባዶ እግሩ እየሮጠ ደርሶ ብቻውን መዘውሩን ይታገለዋል። በሩን ዘጋው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የሜዳዬ መሀል ተበላሽቷል። ከዚያ የመዘውሩን እጀታ ሲያይ አየሁት፤ ጥቁር ጭቃ ነበረበት። እንደዚያ ያለ ጭቃ በመንደሩ የሚነካ ሌላ ሰው የለም።

ጨዋታው ጆርጅታውን ሄደ። ልጆቻችን በሰው ሜዳ ተሸነፉ፤ በሳምንቱ የኛ ሜዳ ሣር ቢጫ ሆኖ ሞተ። መንደሩ ሱግሪም ላይ ተነሳበት። የቤቱን ደጃፍ ከቦ የበሰበሰ ማንጎ ይወረውርበታል፣ ጨው ሱግሪም እያለ ይሰድበዋል። እኔም ከተሳዳቢዎቹ መሀል ነበርኩ። ዝም ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ከሁሉም አስበልጬ ጮህኩ።

የቦይና የውሃ በር ኃላፊው መጥቶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበን። በሩን ማን እንደከፈተው ጠየቀ። ሱግሪም ቆመ።

"ቁልፉን ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ጥፋቴ ነው" አለ። "የከፈተው ሰው ግን አፍ አለው።"

ወደ እኔ አልዞረም። ቁጭ አለና ጠበቀ። ኃላፊውም ጠበቀ። አንዱ ከኋላ "ራሱ ከፍቶ ነው የሚቀባጥረው" ሲል አዳራሹ አጨበጨበ፤ እጆቼም አብረው አጨበጨቡ። ከሥራው ተባረረ። ከኮከሩ አጠገብ ያለውን ቤት ለቀቀና ልጁ ፑልማቲ ወዳለችበት ወደ ወንዙ ማዶ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ልናዘዝለት ተነሳሁ። የምለውን ጀልባው ላይ እየደጋገምኩ አጠናሁት። ፑልማቲ አይታኝ ፊቷን አዞረች። እሱ ደጃፉ ላይ ወጣ፤ ከስቷል። ግባም አላለኝ።

"ሜዳውን ቆፍረኸዋል?" አለኝ።

"ገና ነው። ሰኞ ልጀምር ነው።"

"እንዳትነካው። ከቆፈርከው ጨዉን ወደ ታች ነው የምታወርደው። ዝናብ ሲጥል የሜዳውን ቦይ ክፈትና ጨው በሌለው በዝናቡ ውሃ አራት አምስቴ ይታጠብ። ሣሩ ራሱ ይመጣል።"

"ሱግሪም፣ እኔ..."

"ሌላ ከአንተ የምፈልገው የለኝም" አለና በሩን ዘጋው። ገፍቼ መናገር እችል ነበር። በእንጨቱ ውስጥም ይሰማኝ ነበር። ጀልባዬን ይዤ ተመለስኩ።

እንዳለኝ አደረግሁ። ዝናቡ ሜዳውን አጠበው፤ ሣሩ ከዱሮው የበለጠ ለመለመ። ዘንድሮ ግማሽ ፍጻሜው በእኛ ሜዳ ተደረገ፤ በአራት ነጥብ አሸነፍን። ሱግሪም ግን አላየውም፤ ጨዋታው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞቷል። ጨው የበላውን ሜዳ ያዳነ ሰው ብለው ጎረምሶቹ ትከሻቸው ላይ አወጡኝና ሜዳውን ሁለቴ አዞሩኝ። አውርዱኝ አላልኩም።