ለላማችን የተለመነ እርሾ

ዳለቻዋ ላማችን የአምባሰልን ዳገት አልወጣም ያለችው ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ በወረደበት ሰሞን ነው። እናቴ ከፊት ገመዱን ትጎትታለች፣ አባቴ ከኋላ ይገፋል፣ እኔ መሀል ሆኜ እለምናታለሁ። እኛን ያስሮጠን ድምፅ እሷን ጆሮዋን እንኳ አላስቆማትም። በመጨረሻ እናቴ ገመዱን ከቀንዷ ፈታችና ወደ ሐይቁ ዳር ለቀቀቻት።

«ለአላህ ሰጥቻታለሁ» አለች።

«እሷስ እኛን ለማን ሰጥታን ይሆን?» አለ አባቴ፣ ቁልቁል እየሮጠች ስትሄድ እያየ።

በእናቴ ዘመዶች ቤት አምስት ሳምንት ተቀመጥን። ስንመለስ ቤታችን በር አልነበረውም። ድስቱ፣ ፍራሹ፣ የአባቴ ራዲዮ፣ የእኔ የዘጠነኛ ክፍል ደብተሮች ሳይቀሩ የሉም። ደብተሬን ምን ሊያደርጉበት እንደወሰዱት እስከዛሬ ይገርመኛል፤ የዚያን ጊዜ ጽሑፌን እኔ ራሴ አላነበውም ነበር። እናቴ ባዶውን ቤት አንዴ ዞረችና ወደ ውሃው ወረደች። ተከተልኳት። ላሚቱ ደንገሉ መሀል፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ትግጣለች። ከስታለች፣ ጎኗንም እሾህ ጭሮታል፤ ግን እሷው ናት። እናቴ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ለቤቱም ለዕቃውም አላለቀሰችም ነበር።

ስህተታችን የጀመረው ከዚህ ነው። እኛ ለመጣ ሰው «ብላ፣ ጠጣ» ካላልን የማያስችለን ሰዎች ነን፤ የመጣችው ላም ስትሆንም ሌላ ነገር ማድረግ አላወቅንበትም። ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን የገና ጾም ላይ ነበረች፤ ለራሷ የቀቀለችውን የሽምብራ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች።

«እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አለቻት ላሚቱን፣ ግንባሯን እያሻሸች። «እኛስ ሰው አለን፤ አንቺ ብቻሽን እንዴት ከረምሽ?»

አባቴ ከየት እንዳገኘው ሳይናገር ገብስ አቀረበ። እናቴ ቂጣ እየቆረሰች አጎረሰቻት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደግሞ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ላሚቱም የቀረበላትን ሁሉ እንደ ሰርግ እንግዳ ተቀበለች።

እኔስ? ሁሉም ዞር ሲሉልኝ ጠብቄ፣ ዘመዶቻችን ለስንቅ ከሰጡን ስንዴ ሦስት ጣሳ ሙሉ ሰፍሬ ሰጠኋት። ያ ስንዴ የሳምንት ምሳና እራታችን ነበር። ለማንም አልተነፈስኩም። ስትበላ ዐይኗን ጨፈን ስታደርግ አይቼ፣ ከእኔ በላይ የሚወዳት የለም ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ ጧት ላሚቱ ሣር ሲቀርብላት ፊቷን አዞረች። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ጥርሷን ታፋጫለች። ከሁሉ የከፋው ግን አገጯ ቀጥ ማለቱ ነው፤ አታመሰኳም። ላም የዋጠችውን ሣር መልሳ ወደ አፏ አምጥታ ማኘኳን ካቆመች፣ ነገሩ እያበቃ እንደሆነ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል።

አባቴ አጎቴን አስጠራ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቢላና ሞረድ ይዞ ከች አለ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ከብት ሳይታረድ ከሞተ ሥጋው አይበላም፤ ስለዚህ ከሞት መቅደም ያስፈልጋል።

«ከሰዓት በኋላ እስከ ዐስር ሶላት እንያት» አለ አባቴ። «ካልተሻላት እናርዳታለን። በከንቱ ሞታ የጅብ ከምትሆን።»

«ጉበቷ የእኔ ነው» አለ አጎቴ።

«አፍህን ያዝ» አለችው እናቴ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ቀስ ብላ ስትናገር ነው ደግሞ አጎቴ የሚፈራት። ከነበረን ሁሉ የቀረችልን ላሚቱ ብቻ ነበረች። ወተቷ ከሌለ ያን ባዶ ቤት በምን እንደምንጀምረው አንዳችንም አናውቅም።

እናቴ ወጥታ የከብት ሐኪሙን ይዛ መጣች። ባጃጅ ስለሌለ በእግሩ ነው የመጣው፤ ጡረታው የደረሰ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ክሊኒኩም እንደ ቤታችን ተራቁቷል።

«መድኃኒት የለኝም» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። «እጅና ጆሮ ግን ትተውልኛል።»

ጎኗን በጡጫው ጫን አደረገ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ አፏን አሸተተ። ከዚያ ዞሮ አየን።

«ፌስታል ውጣ ከሆነ እኔ ምንም አላደርግላትም፤ ቢላው ይሻላታል። እህል በዝቶባት ከሆነ ግን መላ አለው። እውነቱን ንገሩኝ፣ ምን በላች?»

«ሣር» አለ አጎቴ፤ ስትበላ እንኳ አልነበረም።

«ገብስ ቢጤ። ለዐይን ያህል» አለ አባቴ።

«እኔ እፍኝ ንፍሮ ነው፣ እስጢፋኖስ ምስክሬ ነው» አለች ጎረቤታችን። እፍኝ የምትለው ያንን ሰፌድ ሙሉ ነው። እናቴ ስለ ቂጣው ዝም አለች።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ በዚህማ እንዲህ አትሆንም። እንግዲህ ፌስታል ነው።»

አጎቴ ሞረዱን አነሳ። ቢላው አንዴ ሲፋጭ ሰማሁና አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«ሦስት ጣሳ ስንዴ።»

ሁሉም ዞሩ።

«ትናንት። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«ጎደል ያለ ነው ሙሉ?» አለ ሐኪሙ።

«እስከ አፉ።»

«የምን ስንዴ?» አለች እናቴ። መልሱን ከፊቴ አነበበችው። «ወላሂ፣ ቆይ ብቻ» አለችኝ። ያ «ቆይ ብቻ» እስከዛሬ አልተፈጸመም፤ ይህን ስታነብ ትዝ እንዳይላት እሰጋለሁ።

ሐኪሙ ግን ፊቱ በራ። «እሰይ የኔ ልጅ። ልትገድያት ነበር፤ አሁን ደግሞ ልታተርፊያት ነው» አለኝ። «ላም ሣር የምትፈጭ ይመስልሻል? እሷ አኝካ ትልካለች እንጂ፣ ሣሩን የሚያበስሉላት ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ በዐይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። አንድ ማንኪያ ፈርስ ውስጥ ያሉት ከወሎ ሰው ይበዛሉ።»

«ባክቴሪያ?» አልኩ። ክፍል ውስጥ የተማርኩት ባክቴሪያ ሁሉ እጅ የሚያስታጥብ ነበር፤ ወጥ ቤት የሚገባ ባክቴሪያ ሰምቼ አላውቅም።

«ባክቴሪያም አለ፣ ሌላም አለ። አምስት ሳምንት ሣርና ደንገል ስትልክላቸው ሣር ወዳዶቹ በዙ። ትናንት ድንገት እህል ወረደ። እህል ወዳዶቹ በሉ፣ ጠገቡ፣ ቤቱን አኮመጠጡት። ሣር ወዳዶቹ በኮምጣጣው አለቁ። አሁን ሣር ቢገባ የሚቀበለው የለም።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «እርሾዋ ሞቷል በለኛ።»

«እንዳፍሽ። እርሾ የሞተበት ቤት ምን ያደርጋል?»

«ከጎረቤት ይለምናል።»

ሁላችንም ጎረቤታችንን አየናት።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ? የኔን እርሾ ከነቡሃቃው ወስደውታል» አለች።

«ያንቺን አይደለም፤ የቀዩን በሬሽን ነው» አለ ሐኪሙ።

መጀመሪያ ግን ኮምጣጣው ይብረድ ብሎ፣ ዐመድ በውሃ በጥብጠን፣ አጥልለን በጠርሙስ አጠጣናት። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከን ወደ በሬው ሄድን። ከግራሩ ጥላ ሥር ተኝቶ፣ ጦርነት የሚባል ነገር ያልሰማ ይመስል ያመሰኳል። እንቁላል የሚያህል ነገር አንገቱን ሽቅብ ይወጣና አፉ ሲደርስ አገጩ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። እኛ የፈለግነው ያንን ነው፤ ገና ከጨጓራው የወጣውን፣ ከነነዋሪዎቹ።

«የክርስቲያን በሬ ያኘከውን ለኛ ላም?» አለ አጎቴ፣ ነገር መፈለግ ልማዱ ነው።

«በሬዬ ጾመኛ ነው፤ ከተወለደ ሥጋ አልቀመሰም» አለች ጎረቤታችን። «የናንተይቱ ናት ያገኘችውን የምታግበሰብስ።»

«ሲግጡ የኖሩትስ አንድ ሜዳ አይደል?» አለ አባቴ። ከተመለስን ወዲህ ሳቅ ሲያመልጠው ያን ጊዜ ገና አየሁ።

ሐኪሙ የራሱን ሰፊ መዳፍ አየና «ትንሽ እጅ ያለው ማን ነው?» አለ።

«ስንዴውን የሰፈረችው እጅ ትግባ» አለች እናቴ።

በሬ ከፊት በላይ በኩል ጥርስ እንደሌለው ያን ቀን አወቅሁ። ከኋላ እንዳለውም ያን ቀን አወቅሁ። መጀመሪያ እጄን ስልክ ዐይን ዐይኔን እያየ የመጣውን መልሶ ዋጠው። ሁለተኛም ዋጠው። ጎረቤታችን አጠገቡ ተቀምጣ፣ አንገቱን እያከከች፣ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉርለት ጀመር። ዐይኑ ፈዘዝ አለ። ጉብታው ሽቅብ ሲወጣ ጠበቅሁና በከንፈሩ ጥግ እጄን ሰድጄ ላፍ። የሞቀ፣ አረንጓዴ፣ የሚንጠባጠብ ነገር መዳፌን ሞላው። በሬው አኘከ፤ ምንም የለም። ቆም ብሎ አሰበ። እንደዚያ የተታለለ ፊት በሰውም አይቼ አላውቅም።

«ሩጪ፣ ብርድና ነፋስ አይወዱም» አለኝ ሐኪሙ።

በሻርፔ ጠቅልዬ፣ ከወሎ ሰው የሚበዛ ሕዝብ ደረቴ ላይ ታቅፌ ሮጥኩ። አምስት ጊዜ እንዲያ ተመላለስኩ። እናቴ ለብ ባለ ውሃ በጠበጠችው፤ አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ጠርሙሱን በላሚቱ ጉንጭ ሰደደ፤ ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ አማተበች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ላሚቱ ቆማለች፣ አገጯ አይንቀሳቀስም። አባቴ የዐስርን ሶላት እንደዚያ ቀን አስረዝሞ ሲሰግድ አይቼ አላውቅም። ሰግዶ ሲጨርስ እንኳ አልተነሳም። አጎቴ አጠገቡ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

በዚያ መሀል ላሚቱ አገሳች። ረጅም፣ የኮመጠጠ ግሳት ነው፤ አጎቴ ፊት ላይ ነው ያረፈው። ሐኪሙ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ።

«አንድ ነገር እያንጎራጎረ ነው» አለ። «ቃል አልገባም። ብታሳድሯት ግን ደስ ይለኛል።»

ከሞተች ወተቱም ሥጋውም የለም። አባቴ እናቴን አየ። እናቴ ላሚቱን አየች።

«ትደር» አለች። ወንድሟንም «አንተ ነገ በጧት ና» አለችው።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ላሚቱ ተኝታለች። መቅረቡን ፈርቼ በሩቁ ቆምኩ። አንገቷ ላይ አንድ ጉብታ ሽቅብ ወጣ። አገጯ ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። «እማ» ብዬ ልጣራ ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፤ አፏን በሻርፗ ይዛለች።

ትንሽ ቆይቶ አጎቴ ለሥጋው የሚሆን ትልቅ ሳፋ ተሸክሞ ደረሰ። ላሚቱን አየ፣ ሳፋውን አየ፣ እናቴን አየ።

«አልሃምዱሊላህ» አለ፣ ቅር እያለው።

«ባዶውን ይዘኸውማ አትመለስም» አለችው እናቴ። «ከሐይቁ ዳር ለጋ ሣር እጨድበትና አምጣላት። እህል የሚባል እንዳታስጠጋ።»

አጎቴ ሳፋውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ዕድሜ ልኩን ለላም ተላላኪ እንዳልነበረ እያጉረመረመ ወደ ውሃው ወረደ።