ዘማቿ የቀመሰችው ክኒን

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አማቴ፣ ጎረቤታችን የሼሁ ሚስት፣ ከከተማ የመጣችው ዘማች ተማሪና የታመመው ልጄ ነን። ባሌ አልነበረም። የት ሄደ ለሚለን ሁሉ «ለቅሶ» እንድንል ከአማቴ ጋር ተነጋግረን ነበር።

ለቅሶ አልሄደም። አባይ በረሃ ወርዶ ማሽላ ከዝንጀሮ እየጠበቀ ነበር። የቆላዋ መሬት አማቴ ከአባታቸው ያገኟት ቁራሽ ናት። በረሃቡ ዓመት ደጋው ገብስ ሲነሳን ነፍሳችንን ያቆየችው እሷ ነች። የመሬት አዋጁ ከወጣ ወዲህ ግን መካነ ሰላም ገበያ የሚወራው ሁሉ ስለ መሬት ሆነ። ሁለት ቦታ የሚያርስ አንዱን ይነጠቃል ተባለ። ከዚያ በኋላ ቆላ የሚባል ቃል ከቤታችን አይወጣም። እኔም ልጁን አዝዬ ለባሌ ስንቅ ያደረስኩት፣ እዚያው ሰንብቼም የተመለስኩት ሰው ሳያየኝ ነው።

ልጁ ጥርስ ማብቀል ጀምሯል እንጂ ገና አልቆመም። ከተመለስን ጥቂት ቆይቶ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ነደደ። ጡቴን ሲይዝ አፉ ይፋጀኝ ነበር። አማቴ አዩት፤ እኔም እሳቸውን አየሁ። የቆላ ንዳድ፣ ወባ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል።

ጎረቤታችን ብቅ ስትል ግን አማቴ ቀደሙና «ምች ነው፤ ፀሐይ መትቶት ነው» አሉ። ዳማከሴ አሽተው ግንባሩን ቀቡት፤ በጋቢም ጠቀለሉት። ጎረቤታችን ደግ ሴት ናት። ብቻ ወሬ ከእሷ ወጥቶ የት እንደሚያድር አላውቅም። ልጁን ዳሰሰችና «አብሽሪ፣ መድኃኒት ያላት ልጅ አውቃለሁ» ብላ ወጣች። ሳልፈቅድ ዘማቿን ይዛት መጣች።

ዘማቿ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ታድራለች፤ ለገበሬው ፊደል ታስተምራለች፤ ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋርም ስትሄድ አይቻታለሁ። እኔ ክኒን አላምንም። በረሃቡ ጊዜ የእህቴ ልጅ መጠለያ ገብቶ፣ ነጭ ክኒን ተሰጥቶት በማግስቱ አረፈ። ክኒኑ ይግደለው ረሃቡ፣ የነገረን የለም።

ልጅቱ እንደገባች ጋቢውን ገለጠች።

«ይኼን አውልቁለት። ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክራችሁ ገላውን አብሱት።»

«በብርድ ልትገድይው ነው?» አሉ አማቴ። ጋቢውን መልሰው ጣሉበት። ልጅቱ ገለጠችው። አማቴ መለሱት።

«እማማ፣ እሳት ላይ እንጨት እየጨመሩ ነው።»

«ሰባት ወልጃለሁ፤ አንቺ ስንት ወለድሽ?»

ልጅቱ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረችና «ቆላ ወርዶ ነበር?» አለችኝ።

ማን ነገራት? ጎረቤታችንን አየሁ፤ እሷ ጣራ ጣራውን ታያለች።

«እኛ ቆላ ምን አለን?» አሉ አማቴ።

«እኔ መሬት አልለካም» አለች ልጅቱ፣ ቀስ ብላ። «ወርዶ ከሆነ ይኼ መድኃኒቱ ነው። ካልወረደ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ በግምት አልሰጠውም።»

የልጁ ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ። እጁ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። መሬቷ ብትሄድ የምንበላው አይኖርም። ልጁ ከሄደ ደግሞ ማን ሊበላው።

«ወርዶ ነበር» አልኩ።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጅቱ ከወረቀት ጥቅልል ውስጥ ክኒን አውጥታ መስበር ጀመረች። ያኔ እጇን ያዝኳት።

«ቀምሰሽ ስጪው።»

በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። የገዛ ወንድምህ ቢቀዳልህም ይቀምሳል። ለጠላ የሚደረግ ለልጄ ለምን ይቀራል? ልጅቱ ትንሽ አየችኝ። ከክኒኑ ፍርፋሪ ቆርሳ ምላሷ ላይ አደረገችና ፊቷ ተጨማደደ።

«እሬት ነው» አለች።

«ዋጪው።»

ዋጠችው። «አሁንስ?»

«ትንሽ እንቆይ።»

«ብትሞቺ የት እንቅበርሽ?» አለቻት ጎረቤታችን።

«ትምህርት ቤቱ ጓሮ። ፊደል ያልቆጠረ ግን አይቅበረኝ።»

«በዪ እንግዲህ ሳትቀበሪ ማደርሽ ነው» አሉ አማቴ፣ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

እኔ አልሳቅሁም። ከንፈሯን አያለሁ፣ ዓይኗን አያለሁ። ልጁን እያበስኩ ነው፤ ጨርቁ እላዩ ላይ ይደርቃል። ልጅቱ ሳቋን ትታ «እትዬ፣ እኔን እያየሽ እሱ እየባሰበት ነው» አለችኝ። እሱም እውነት ነበር። ሩቧን ደቁሰን በጡቴ ወተት በጥብጠን አጠጣነው። ተፋው፤ ከከንፈሩ ጠርገን መለስንለት። አማቴ እግሩን ብቻ በጋቢው ጫፍ ሸፈኑ፤ ልጅቱም አይታ አልገለጠችውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አላበው። ጡቴን ያዘ፤ አፉ የልጅ አፍ ሆነ።

እኔ ግን ያኔም አላረፍኩም። መሬታችንን ያወቀች ሰው ቤታችን ገብታ ወጥታለች። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሊቀመንበሩ መጣ እላለሁ። የመጣችው እሷ ነች። ቀሪውን መድኃኒት ልታጠጣው በመጣች ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቃት ፍርፋሪ ቆርሳ ምላሷ ላይ ታደርግና ፊቷን ታጨማድዳለች። እኔም ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። ባሌ ማሽላውን ጭኖ ሲመጣ እንኳ ከየት ነው ያለው ሰው አልነበረም።

ልጁ ድክ ድክ ሲል ላሳያት ትምህርት ቤት ወሰድኩት። አንድ ዘማች በሩ ላይ ቆሞ «ሄደች» አለኝ። የት ብለው አላውቅም አለ፤ ዓይኑን ግን ከእኔ አሸሸ። ከዚያ በኋላ በከተማ በተማሪው ላይ የወረደውን እስርና ግድያ ሁላችንም ሰምተናል።

ያቺ ዘማች አገጯ ላይ ጠባሳ አለባት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በሕይወት ካለች የት እንዳለች፣ ከሌለችም የት እንዳረፈች የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።