በአንድ ቤት የተገናኙ ኮከቦች

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ልናዘዘው ተነሥቼ፣ ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን ዘርዝሬ ተመልሻለሁ። ትንሽ ትንሹን ኃጢአት እየሰጠሁ ትልቁን እቤቴ ደብቄው አረጀሁ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ። የእኅቴን ትዳር በአፌ ያፈረስሁት እኔ ነኝ።

የምንኖረው ጎንደር ከተማ፣ ከደብሩ ቅጥር ሥር በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ አባባ፣ እትዬ ጥሩወርቅና እኔ። እናታችን እኔን በወለደች በዓመቱ ስለሞተች ያሳደገችኝ በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠኝ እትዬ ናት። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ስሰማ፣ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን የአባባን ሳል እያስመሰለች ስታስቀኝ ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሞቀኝ ቀን የለም። እኔ ከአባባ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደል ስቆጥር እሷ ውሃ ትቀዳ፣ ሊጥ ታቦካ ነበር። ማንበብ የቻልሁት እሷ ቤቱን ስለያዘችልኝ ነው፤ እሷ ግን ሳትማር ቀረች።

አባባ መሪጌታ ነበሩ፤ ኮከብም ይቆጥሩ ነበር። ካህናቱ በዐውደ ምሕረት ይነቅፉታል፤ ልጅ ሊድሩ ሲሉ ግን በጓሮ በር ይመጣሉ። ዐይናቸውን ሞራ ከያዛቸው ወዲህ አባባ ሒሳቡን በባቄላ ያወጡት ጀመር። የወንዱን የክርስትና ስም ከእናቱ ስም ጋር፣ የሴቷንም እንዲሁ ወስደው፣ ለየፊደሉ በተሰጠው ቁጥር ልክ ባቄላውን ሰፌድ ላይ ይደረድራሉ። ከዚያ ዘጠኝ ዘጠኙን እየለዩ ይገድፋሉ፤ ከሰፌዱ ያወጣሉ። የጥንዶቹን ዕጣ የሚናገረው መጨረሻ ላይ መዳፋቸው ውስጥ የሚቀረው ነው። ትርጉሙ ያለው በብራናው ላይ ሲሆን፣ ብራናውን የማነብላቸው እኔ ነበርሁ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ሙላት የሚባል ዛሪማ የተመደበ አስተማሪ እትዬን ሊያገባት ፈለገ። እኔን ስታሳድግ ብዙ ፈላጊ ያለፋት እትዬም ወደደችው። ለአዲሱ ቤቷ ብላ ወለቃ መንገድ ዳር ከሚሸጡት የሸክላ ድስቶች አንዱን ገዛችና በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስቀመጠች። አንዳንዴ ታወጣውና በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፤ ትሥቃለች። ያን ድስት ጠላሁት። ዛሪማ ከሊማሊሞ ማዶ ነው። እሷ ከሄደች እኔ ከዐይነ ስውር አባት ጋር ለብቻዬ ልቀር ነው። ያሰብሁት ራሴን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት አያ ወንድይፍራው የሚባሉ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ነበሩ። አባባ እሺ ሊሉ ጫፍ ደርሰው፣ ለወጉ ኮከቡ ይታይ አሉ። ባቄላው ተቆጠረ፤ አምስት ቀረ። እትዬ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ብራናውን ገለጥሁ። «አምስት ቢቀር፣ ኮከባቸው በአንድ ቤት ይገናኛል፤ አንዱ ለአንዱ ብርሃን ይሆናል፤ አብረው ያረጃሉ» ይላል። እኔም ጮክ ብዬ «ኮከባቸው በአንድ ቤት ይገናኛል» አልሁ። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ ከራሴ ጨመርሁበት፦ «አንዱ አንዱን ያጠፋል፤ ከሁለቱ አንዱ ዓመት አይደፍንም።»

አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዳዊትን በቃላቸው የሚወጡ ሰው ያችን አንድ ገጽ ረስተዋት ይሆን?

«እንዲያ ነው የሚለው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ሌላ አልጠየቁም። ባቄላዎቹን ሰፌዱ ላይ መለሷቸው። የእሳቸውን ዝምታ ምክንያት ላደርገው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ምናልባት እሳቸውም እንዳትሄድባቸው ፈልገው ይሆናል እያልሁ። ቢሆንስ? የዋሸው አፍ የእኔ ነው።

ሙላት ሁለት ጊዜ ሰው ላከባት። በኋላ ራሱ መጥቶ ኮከቡን ተይው፣ ሞቱም የኔ ይሁን ብሎ ለመናት። «እሱን ገድዬ ልኖር?» ብላኝ በር ዘጋችበት። በማግሥቱ ድስቱን ከአልጋ ሥር አውጥታ ሽሮ ሠራችበት። እኔም በላሁ።

ሰባት ዓመት ቆይቼ እኔ አገባሁ። ኮከብ አላስቆጥርም ብዬ ድርቅ አልሁ፤ ሰው ሁሉ ዘመናዊ መሆኔ መሰለው። ደግሳ የዳረችኝ እትዬ ናት። እንዳትሄድብኝ ብዬ ሕይወቷን ያበላሸሁባት እኔ፣ ጥያት ሄድሁ። አባባን እስኪሞቱ ያስታመመች እሷ፣ ሰው ለምን እንዳላገባች ሲጠይቃት «ኮከቤ ነው» እያለች እዚያው ሸበተች።

አሁን ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼም ተበትነዋል። ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ በሚባል ቦታ ቤት ሠርቼ እትዬን ወደ እኔ አመጣኋት። ባለፈው ወር ዕቃዋን ስንፈታ ከሣጥኑ ሥር የአባባ ብራና ወጣ። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«እስቲ የኔንና የሙላትን አንብቢልኝ። አምስት ነበር የቀረው።»

ገጹን አገኘሁት። ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። እግዜር ለስንት ሰው ነው ያንኑ መስመር ሁለት ጊዜ የሚሰጠው? «ኮከባቸው በአንድ ቤት ይገናኛል» ብዬ አቆምሁ። እትዬ ትጠብቃለች። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋለች፤ ልጅ ሳለሁ በአንድ ጋቢ ስንጠቀለል ታደርግ እንደነበረው።

«አንዱ አንዱን ያጠፋል» አልሁ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ሸጋ» አለች፤ «እንግዲያ በከንቱ አልቀረሁም ማለት ነው።» ተነሥታ ምሳ ልትጥድ ሄደች።

ልቧን ላለመስበር ብዬ ነው ልላችሁ አስቤ ነበር። ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው። የፊተኛውን ልጅነቴ ሠራው እንበል፤ ያለፈውን ወር ማን ሠራው? እኔ ነኝ፣ ሽበቴን ይዤ፣ መነጽሬን አድርጌ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የእሷ ነው። እሷ ደግሞ ይኸው ጓዳ ውስጥ ናት፤ ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርግ ትሰማኛለች።