የጋሽ ፀጉር ልክ

ራሰ በራ ሰው «ፀጉር» ተብሎ ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የኛ ሰፈር ጉድ ይኸው ነው። ጋሽ ፀጉር አናታቸው ላይ አንዲት ዘለላ የለችም፤ ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ቶርኖ ቤታቸው ውስጥ ቆመው ብረት ሲሞርዱ መለኪያቸው ፀጉር ነበር። «ሁለት ፀጉር ይቀረዋል» ይላሉ፣ ማይክሮሜትሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው። «ግማሽ ፀጉር በላሁበት፤ አልወደድኩትም» ይሉና ለኛ ምንም የማይታየንን ስህተት አፍጥጠው ያዩታል። ልኩን ደግሞ ከጆሯቸው ላይ በሚያወርዷት እርሳስ ግድግዳው ላይ ይጽፉታል። የቶርኖ ቤቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ቀለም ቀቢ ገብቶ «ልቀባልዎት?» ቢላቸው በመዶሻ ሊያባርሩት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ስለ እሳቸው የማወራው ስለምወዳቸው ብቻ አይደለም። በድያቸዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር ፊቴን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል፤ ግን ልናገረው፣ ይውጣልኝ።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ ጋራዤ ከቶርኖ ቤታቸው ጋር አጥር ለአጥር ነው። ቶሎ ስለምናደድ ሰዉ ሁሉ «ቱግ» ይለኛል። እንዲህ ሲሉኝም ቱግ እላለሁ። ሞተር መግጠም ግን እችልበታለሁ፤ እሱን ጠላቴም አይነፍገኝም። ማንም ከኋላዬ ቆሞ እንዲያርመኝ አልፈቅድም፤ ከጋሽ ፀጉር በቀር። እሳቸው ሲያርሙኝ እንኳ መጀመሪያ አጉረመርማለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ዛሬስ ማን ላይ ነው የምትጮኸው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ልጅ የላቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ከቶርኖ ቤቱ ጀርባ ባለችው ቤት።

የነገሩ መነሻ የጥርስ ሐኪሟ ናት። በሥራ ቀን ጥርስ ትነቅላለች፣ ቅዳሜና እሁድ መኪና ትወዳደራለች። የመኪናዋን ሞተር አስፈትታ «አቶ ቱግ፣ ጉልበቱን እጥፍ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «አቶ» ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ስለሆነች አልተናደድኩም። ቱርቦ የሚሉት አየር መግፊያ መጣ፣ ጠንካራ ፒስተን መጣ። ክራንኩን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ወፍራም ዘንግ፣ ጋሽ ፀጉር ሞረዱት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሲያስረክቡኝ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው ነበር።

የቀረው የዘይት ፓምፑ ነው። የድሮው ለዚያ ሩጫ አይበቃም፤ ይህ እውነት ነው። ሻጩ ሦስት ዓይነት ዘረጋልኝ። አንደኛው መጠኑ እንደ ድሮው ሆኖ ጥርሱ የጠነከረ ነው። ሁለተኛው ግፊት የሚያበዛ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው። ሦስተኛው ጥርሱ የረዘመ፣ ሆዱ የሰፋ፣ በአንድ ዙር ብዙ ዘይት የሚገፋ ነው። ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ትልቅ ነገር እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ!

ገዝቼው ስመለስ ስለ ሦስቱም ነገርኳቸው፤ ጋሽ ፀጉር ተቀብለውኝ አገላበጡት። «ለምን ትልቁን?»

«ግፊቱ ከፍ እንዲል ነዋ ጋሼ!»

«ግፊት ማብዛት ጤና ቢሆን ኖሮ እኔን ሐኪሙ ጨው ባልከለከለኝ» አሉ። ደም ግፊት አለባቸው፤ በራሳቸው በሽታ ይቀልዳሉ። ሳቅን። ከዚያ ቁም ነገራቸውን ቀጠሉ። «ስማኝ፣ ፓምፕ ዘይት መላክ ነው ሥራው። ግፊቱን የሚሠራው ዘይቱ የሚያልፍበት ክፍተት ነው፤ ክፍተቱን ደግሞ እኔ በልኩ አድርጌልሃለሁ። የመጀመሪያው ይበቃታል። የለም፣ ትልቁን ካልክ ግን ሆዱ ስለሚረዝም ዘይት መምጠጫውን ወደ ታች ያወርድብሃል። ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት የዘይት ቋቱን ወለል እንዳይነካ። ከእትዬ ትንሽ ሊጥ ተቀበልና ወንፊቱ ላይ ለጥፍ፤ ቋቱን ግጠመውና መልሰህ ፍታው። የተጨፈለቀው ሊጥ ስንት እንደቀረ ይነግርሃል። የትንሽ ጣትህን ውፍረት ካላከለ ሞተሩን እንዳታስነሳው።»

«ጋሼ፣ ሞተር ልገጥም ነው ወይስ ዳቦ ልጋግር?»

እሳቸውም ሳቁ። ሊጡን ግን አልተቀበልኩም። ቅዳሜ ውድድር ነበረና ቸኩዬ ነው ብላችሁ ታምኑኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ሊጥ ይዤ ሞተር ሥር ስንበረከክ አላፊ አግዳሚው ይስቅብኛል ብዬ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሞተሩ ሲነሳ የግፊቱ ጌጅ ሽቅብ ወጣ። «ዶክተር፣ አየሽ ግፊቱን!» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ። አጨበጨበችልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደወለች። «አቶ ቱግ! ገና አራተኛው ዙር ላይ ሞተሩ አንኳኳ፤ ጌጁም ዜሮ ገባ!»

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ተጎትታ መጣች፤ የዘይት ቋቱን ፈታሁት። ወለሉ ላይ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ ጭረት ታትሟል። ወንፊቱ ቁጭ ብሎበት ኖሯል። ሞተሩ ቀስ ሲል ከጎን ሾልካ የምትገባው ዘይት ትበቃዋለች፤ ሲሮጥ ግን ያ ሆዳም ፓምፕ የሚጠጣው አጣ። ክራንኩ የሚሽከረከርበት ብሮንዚን ደረቀና ቀለጠ። ጭብጥ የማትሞላ ሊጥ አድናው ነበር።

እዚያው ቁጢጥ ብዬ ሳለሁ ዶክተሯና ጋሽ ፀጉር አብረው በበሩ ገቡ። እኔ ደግሞ ቋቱን አንስቼ፣ ጭረቱ እንዳይታይ፣ አፉን መሬት ላይ ደፋሁት። እጄ ነው ያደረገው፣ ሳላስበው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስቤ ነው።

ጋሽ ፀጉር የቀለጠውን ብሮንዚን አነሱ፤ ክራንኩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ብረት አንዴ ከተበላ በኋላ የቀድሞ ልኩን ማንም አያገኘውም። «ክፍተቱን አጥብቤው ይሆን?» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። «ልኬን ስቼ ይሆን?»

«የለም ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? አራት ቃል ነው። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ምን ብል ጥሩ ነው? «ምን ይታወቃል ጋሼ፤ ዓይን እኮ ይደክማል።» ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ አመኑኝ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የልጅ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ሴት ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። «ኧረ ይተዉ አባባ!» አለች ደንግጣ። ሌላ ክራንክ አምጪና በነጻ ልሥራልሽ ሲሏት ግን ዓይኗን ሰብራ «አይ፣ ሌላ ቦታ አሠራዋለሁ» አለቻቸው። እኔ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አንገቴን ቀብሬ የጠፋ ቁልፍ የምፈልግ መሰልኩ። የጠፋ ቁልፍ አልነበረም።

አዲሱ ክራንክ ሲመጣ የጋራዡን በር ዘግቼ ሊጥ አቦካሁ። ፓምፑንም እሳቸው ያሉትን ገጠምኩ፣ የመጀመሪያውን። መኪናዋ በረረች። ዶክተሯ ያገኘችውን ሁሉ «ሽማግሌው አበላሽተውት አቶ ቱግ ናቸው ያዳኑልኝ» ትላለች። ሰው እየመጣ እጄን ይጨብጠኛል። እጄን በተጨበጥኩ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ፤ ግን ደግሞ እጨብጣለሁ።

ጋሽ ፀጉር ዓይናቸውን ሊታዩ ሄዱ። ሲመለሱ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። «ዓይንዎ ደህና ነው አሉኝ» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ጨመሩበት፤ «እንግዲህ እጄ ነው ማለት ነው።»

«ትንሽ ይረፉ ጋሼ» አልኳቸው። አዎ፣ እንደዚያ አልኳቸው!

ከዚያ በኋላ የሚመጣላቸውን ሥራ ሁሉ መለሱ፤ ቶርኖ ቤቱ ጸጥ አለ። ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ስለ ዝናብ አውርቼ መጣሁ። የሚገርማችሁ ደግሞ እሳቸው ላይ ነበር የምናደደው። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠረጥሩኝ! ምነው «አንተስ ሊጡን ተቀብለህ ነበር?» ብለው ቢጠይቁኝ! ሰው እንዲህ ይታመናል? ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ስሳደብ፣ ሰዉ ቱግ እንደ ልማዱ ነው እያለ ያልፋል።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት እትዬ መጡ። «መሞረጃ ማሽኑን የሚገዛው ሰው ከሰዓት መኪና ይዞ ይመጣል። ከወለሉ ጋር የታሰረባቸውን አራት ብሎኖች ፍታልን፤ ጋሽህ አልችልም ይላል።»

ትልቁን ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ፀጉር ለማሽኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቁጥር በሞላው ግድግዳ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛውን ብሎን ፈታሁ። ሁለተኛውን ፈታሁ፤ ሦስተኛውንም። አራተኛው ላይ ክንዴ ዛለ። ብሎኑ ዝገት የለበትም፤ እኔ ነኝ ያቃተኝ።

«ጠበቀብህ እንዴ?» አሉ ሳይዞሩ። «ዘይት አጠጣው።»

ያን ጊዜ አበድኩ። ቁልፉን ወለሉ ላይ ወረወርኩት። ይቅርታ እንኳ በወጉ መጠየቅ የማልችል ሰው ነኝ፤ ጮህኩባቸው። «ሊጡን አልተቀበልኩም ጋሼ! አልተቀበልኩም!»

ዞሩ። «የምን ሊጥ?»

«የፓምፑን! ወንፊቱ ቋቱን ነክቶ ነበር፤ ሞተሩ ዘይት ያጣው በሱ ነው። ክራንኩ ምንም አልነበረበትም። ያን ዕለት አይቼዋለሁ፤ ቋቱን የደፋሁትም እንዳያዩብኝ ነው። ዓይን ይደክማል ያልኩዎት እያወቅኩ ነው!»

ስድብ ጠበቅኩ። ጥፊ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ተመኘሁት። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ከበርጩማው ተነሱ።

«ልኬ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር ጋሼ።»

«አንዲት ፀጉር?»

«አንዲትም አልሳቱም።»

እጆቻቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩ፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ «አንቺ! ነይ እስቲ! ነይ ስሚ!» ብለው ጮኹ፤ ያን ያህል ድምፅ አላቸው ብዬ አላውቅም ነበር። «ልኬ ልክ ነበር!» እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። በኔ ላይ አንዲት ቁጣ እንኳ አልነበረችባቸውም፤ ደስታው ቦታ አልተወላትም። እዚያ ቆሜ ያን ደስታ ከማይ ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

«ብሎኖቹን መልሰህ እሰር» አሉኝ። «ሰውዬው ሲመጣ አልሸጥም እለዋለሁ። አንተ ደግሞ ዛሬውኑ ሄደህ ለዶክተሯ ትነግራታለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

ሳስር እሳቸው የቁርጥራጩን ሳጥን እየጎረጎሩ የሚለኩት ብረት ይፈልጋሉ። እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል፤ አልሳቁም። ጨርሼ ስወጣ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተሉኝ። አንገቴን ደፍቼ «እትዬ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ስምንት ወር ሙሉ ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ ነኝ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እጄን አላምነውም፣ ጣቴን እቆርጠዋለሁ ይላል። እጁን ይሰጠኝና እኔ እንዳላየው ፊቱን ያዞራል። እሱ ይቅር ይልሃል፣ አውቀዋለሁ። እኔን ግን አትጠይቀኝ።»

በሩን ዘጉት። ወደ ዶክተሯ ክሊኒክ መንገድ ጀመርኩ።